ትርፍ ሞተር

«ሁለተኛው ሞተር ይወረሳል!» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት፣ በሦስተኛውም ሐሙስ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ይህን የነገራቸው የአንድ ተማሪ አጎት ነበር። በሁለተኛው የኤምባሲ ሾፌር ሆነ። አሁን ደግሞ ትናንት ከአዲስ አበባ የገባ፣ በዓይኑ በብረቱ ያየ፣ ስሙ ግን የማይጠራ ሰው። ጋሽ ገብረ ሕይወት ጣልያን አገር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ወሬ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ይውላሉ።

«ደርግ ትርፍ ቤት ወርሶ የለም? ትርፍ ሞተርስ ምን ልዩ ያደርገዋል? ለአንድ ጀልባ አንድ ሞተር! አለቀ።»

ሠናይት ጥርሷን ነከሰች። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ያቺን ሐሙሷን ፒኜቶ ሰፈር ባለው የሐበሾች ማኅበር ክፍል ከእኚህ ሰው ጋር መፍጀቷ አንገብግቧታል። ጣልያንኛ ያስተማራት የለም፤ የአሠሪዋን የሲኞሬውን የጀልባ ካታሎግ አቧራ ስታራግፍ፣ ገጽ በገጽ እየገለጠች ነው የለመደችው። ዳቦ መግዣ ቃል ሳታውቅ ስለ ካርቡራቶሬ መናገር ትችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባ ወልደ ተንሣኤ ትምህርታቸውን ጨርሰው አባያ ሐይቅ ዳር ወዳለ ክሊኒክ ሊመለሱ ነው። ደጋግ ጣልያኖች ጀልባ ገዝተውላቸዋል፤ በሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊ በርሜሎች ላይ ወለል የተነጠፈበት፣ በሽተኛ ከነአልጋው የሚያሳፍር። የቀረው ሞተሩ ነው፤ ባለ አርባ የፈረስ ጉልበት አንድ ይሁን ወይስ ባለ ሃያ ፈረስ ሁለት? ሻጩ ቅዳሜ ቁርጡን ይፈልጋል፤ አባ ማኅበሩን ያማክራሉ።

የዚያ ክሊኒክ ነርስ የሠናይት ታላቅ እህት አመተ ማርያም ናት። ባለፈው ገና የአሮጌው ጀልባ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ ብሎባት፣ ምጥ የያዛት ሴት እንደያዘች፣ ጉማሬ እያያት በአጣና ስትቀዝፍ ውላለች። ዋና አትችልም።

«ሁለት ከሆነ፣ አንዱ ቢጠፋ በሌላው እየዳኹም ቢሆን ይደርሳሉ» አለች ሠናይት።

«እውነት ነው» አሉ አባ።

«ሁለት ሞተር እኮ እጥፍ ቤንዚን ይጠጣል፤ የጀልባውንም ኋላ ይጫነዋል» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት።

«እሱም እውነት ነው» አሉ አባ። መጨረሻ የተናገረ ሁሉ ያሸንፋቸዋል።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ቦሌ ሲወርዱ ከሁለቱ ዓይንዎ የትኛውን ሊያስረክቡ አስበዋል?»

«አንቺ ልጅ! ዓይን አይከራይም፤ ሞተር ግን ይከራያል!»

«ምላስ ቢከራይማ እርስዎ ይሄኔ ባለ ፎቅ ነበሩ።»

አባን ሳል ያዛቸው፤ የሳቅ ሳል።

«ቀልዱን ተይው» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት ቆጣ ብለው። «ከተወረሰ በኋላ የሚያስመልስ ዘመድ አለሽ?»

አባ ሳላቸው ቆመ። ብዕራቸውን በሻጩ የትእዛዝ ቅጽ ላይ «አንድ» ወደሚለው መስመር አስጠጉ። የሠናይት አፍ ግን አልቦዘነም።

«ቆይ አባ! አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት አይደል የሚለው? አሎራ፣ እንግዲያውስ አንዱ ሞተር በክሊኒኩ ስም ይጻፍ፣ ሌላው በአመተ ማርያም ስም። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ታዲያ ትርፉ የቱ ነው?»

ጋሽ ገብረ ሕይወት ግን አልተረቱም። «ባል ካላትስ? ባልና ሚስት እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት!»

«የላትም። እናታችን ስታለቅስበት የኖረችው ነገር ዛሬ ለቁም ነገር በቃ።»

«እውነት ነው» አሉ አባ፤ ሌላ ሰው ሳይናገርም «ሁለት» የሚለው ላይ ፈረሙ።

ሐምሌ ላይ ከአባያ የአባ ደብዳቤ መጣ። ጉምሩክ ስለ ሞተሮቹ ቁጥር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አሳልፏል፤ ሁለት እናቶችም ተሻግረው በሰላም ተገላግለዋል። ስለ አመተ ማርያም ምንም አላሉም፤ ሠናይትም ደኅና ብትሆን ነው ብላ ተወችው። ጋሽ ገብረ ሕይወት በበኩላቸው ለወጣ ለገባው «ሁለት ይሁን ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ» ይሉ ጀመር። ሠናይት ይህን ሰምታ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልስ ሳትሰጥ አለፈች።

በዚያው ሳምንት በናይሮቢ በኩል ዞራ የመጣች አንዲት መነኩሲት የአመተ ማርያምን ደብዳቤ አቀበለቻት። ሠናይት ትራም ላይ ቆማ ከፈተችው።

«ምደባዬ ተለውጦ ሐረርጌ ቆላ ገብቻለሁ። እዚህ ሐይቅ ቀርቶ ወንዝም የለም፤ የምንጠጣው ራሱ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣልን። በእኔ ቦታ አንድ ድሬሰር ተተክቷል፤ ጎበዝ ዋናተኛ ነው አሉ።»

ከላይ ቀኑን አየች። ጥር ሃያ ስምንት ይላል። እነሱ ስለ ሞተር መነታረክ የጀመሩት መጋቢት ላይ ነበር።