የስቅለት ዕለት ቃጭል

የኒካኖርን ባዝራ ቃጭል የማያውቅ ሰው በወንዙ ግራና ቀኝ አልነበረም። ወዲህ ማዶ የእኛው ሆንዱራስ ነው፣ ወዲያ ማዶ ሳልቫዶር። ይሄ ግን የካርታ ነገር ነው፤ እኛ የኤል ሆኮቴ መንደርተኞች ከማዶዎቹ ጋር የምንጋባ፣ ልጅ ክርስትና የምንነሳሳ፣ በሬ የምንዋዋስ ሰዎች ነን። ኒካኖር በበቅሎዎቹ ጨው ጭኖ ሲሻገር፣ ባዝራይቱ ቹላ ከፊት ሆና ቃጭሏን ስታንቃጭል፣ ላ ሎማ መንደር ያሉ ሴቶች ገና ከሩቁ የጨው ማሰሯቸውን ያጥቡ ነበር። በቅሎ ደግሞ አመሏ ነው፤ የባዝራይቱን ቃጭል ካልሰማች ንቅንቅ አትልም።

ቃጭሏ ዝም የምትለው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ስቅለት ዕለት። ያን ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል እንኳ አይነካም፤ ካህኑ ሕዝቡን የሚጠራው በእንጨት ማንኳኪያ ነው። ኒካኖርም ሐሙስ ማታ ቃጭሏ ውስጥ ጨርቅ ይጎሰጉስባታል። አባቱም አያቱም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

ላ ሎማ ውስጥ ሂላሪዮ የሚባል አበልጅ አለው። ሂላሪዮ ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት ሕፃኗን ታቅፎ ወንዙን ተሻግሮ የመጣው ወደ ኒካኖር ነበር። የኒካኖር ሚስት ቶማሳ የራሷን ልጅ ቀብራ ጡቷ ገና አልደረቀም፤ አጠባቻት። ኒካኖር ክርስትና አነሳትና ዴልፊና ተባለች። እነሱ ከዚያ ወዲያ ልጅ አላገኙም፤ እና የክርስትና ልጅ ትባል እንጂ ዴልፊና የኒካኖር የዓይኑ ብሌን ነበረች። ማዶ የእርስ በርሱ ጦርነት ሲፋፋም፣ «ኧረ ወዲህ ላክልኝ» እያለ አበልጁን ስንቴ ለመነው! እሷ ግን «አባቴን ጥዬማ ንቅንቅ አልልም» አለች። አንዴ እምቢ ካለች እንኳን ኒካኖር ጳጳስም አይመልሳት።

አበልጅነቱ የአፍ ብቻ አልነበረም። አምና በዝናቡ ወራት ኒካኖርን መንገድ ላይ እባብ ነደፈው። ቹላ ብቻዋን ወንዙ ድረስ ወርዳ ሰው በማይሻገርበት ሰዓት ስታንቃጭል ሂላሪዮ ሰማ። «ይቺ ቃጭል ያለ ሰዓቷ ከጮኸች አበልጄን አንድ ነገር አግኝቶታል» አለና የገመድ ቃሬዛ አስይዞ መጣ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሸክሞ ቤቱ አስገባው። ኒካኖር ይህን ለሰማውም ላልሰማውም ሲተርክ፣ መጨረሻ ላይ ሁሌም ያለቅሳል።

ወታደሮቹ የመጡት ፀሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የእኛው አገር ወታደሮች ናቸው። አዛዣቸው ባራኦና የሚባል ማስቲካ የሚያላምጥ መቶ አለቃ፣ የኒካኖር በረት ድረስ ሄዶ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ጀርባቸውን ዳሰሰ።

«ሽማግሌው፣ ላ ሎማ የሚወስደውን መንገድ ታውቃለህ አሉ።»

«ጨው ነጋዴ አይደለሁ ጌታዬ፤ ብዙ መንገድ አውቃለሁ።»

«ብዙውን ለራስህ ያዘው። ነገ ጠዋት እንወርዳለን፣ ቅዳሜ ማታ ቤታችን ነን። አጭር ሥራ ነች። የማዶው ጦር ከላይ ይገፋል፣ እኛ ከታች እንዘጋለን። ሽፍቶቹ መሐል ይገባሉ።»

«የምን ሽፍታ ጌታዬ? ላ ሎማ ያለው እኮ ሽማግሌና ሴት ነው።»

«እንግዲያ ምን ያስፈራቸዋል?»

ለዚህ ምን ይባላል? አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው! ቶማሳ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ነገ ስቅለት ነው፤ በስቅለት በቅሎ አይጫንም» አለች።

«እሜቴ፣ ጦርነት በዓል አያከብርም።»

«በዓል የማያከብር ታዲያ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?»

አንዱ ወታደር ሳቁ አመለጠው። መቶ አለቃው ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ በሩ ላይ ጠባቂ ቆመ፤ ከመንደሩ አንድ ሰው እንዳይወጣ ተባለ።

ባልና ሚስት ምድጃው ዳር ሆነው ተንሾካሾኩ።

«ሰው እንላክ» አለች ቶማሳ።

«በየት በኩል? ወንዙን ይዘውታል።»

«እንግዲያ መንገድ አሳታቸው።»

«ሌላ መሪ ይይዛሉ። ያኛው ደግሞ ዴልፊናን አያውቃትም።»

ኒካኖር እንደ ልማዱ ቃጭሏ ውስጥ የሚጎሰጉሰውን ጨርቅ በእጁ ይዞ ነበር። ጨርቁን አየ፣ ቃጭሏን አየ፣ ጨርቁን እሳት ውስጥ ወረወረው። «ነገ አልደፍናትም» አለ። «ይቺ ቃጭል በስቅለት ስትጮህ ሰምቶ የሚያውቅ አለ? የለም። ሂላሪዮ ሲሰማ፣ ‹ክፉ ነገር ቢመጣ ነው እንጂ አበልጄ ይህን አያደርግም› ይልና ሰዉን ሰብስቦ ዋሻ ይገባል። ከወንዙ በላይ ካለው አምባ ላይ ትሰማለች፤ ከዚያ እስከ መሻገሪያው ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ነው። ጊዜ አላቸው።»

«ይገባዋል ግን?»

«አበልጄ እኮ ነው! ነፍሴን ያውቃታል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ወይ ኒካኖር! ሺህ ጊዜ የተረከውን የእባቡን ታሪክ ያን ዕለት ብቻ ረሳው።

ጠዋት ሞርታሩና ጥይቱ በቅሎዎቹ ላይ ተጫነ። መቶ አለቃው ቃጭሏን አየና፣ «ይቺን ቆርቆሮ አውልቁልኝ፤ ሰርግ አይደለም የምንሄደው» አለ።

«ከወለቀች በቅሎዎቹ አይሄዱም» አለ ኒካኖር።

«በቅሎ ሊያስተምረኝ ነው ይሄ?»

አወለቁ። በቅሎዎቹ ቆሙ። ጎተቷቸው፣ ደበደቧቸው፣ አልሆነም። አንደኛዋ የጥይት ሣጥኑን ከነኮርቻው መሬት ላይ ዘረገፈችው፣ ያን ትናንት የሳቀውን ወታደርም ጭኑ ላይ ረገጠችው። «እሷም ስቅለትን ታከብራለች!» አለ ሌላው፤ ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። መቶ አለቃው ማስቲካውን ተፋ። «መልሱላት! መሻገሪያው ስንደርስ ግን ትወልቃለች።»

ኒካኖር ፊቱን ወደ ባዝራይቱ አዙሮ፣ እንዳይታይበት ተጠንቅቆ ፈገግ አለ። እግዜር ረዳኝ አለ በሆዱ።

አምባው ላይ ሲደርሱ ቹላ አንገቷን ስትነቀንቅ፣ የቃጭሏ ድምፅ ገደሉን ተሻግሮ ከላ ሎማ ተራራ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ኒካኖር ሆን ብሎ ልጓሟን እየነካካ አስጮኻት። ማዶ ከየጎጆው ይወጣ የነበረው ጭስ ትንሽ ቆይቶ ቀነሰ። እሳታቸውን እያጠፉ ነው! ሄዱ፣ አመለጡ! እንባው መጣ። ቁልቁለቱን እንደ ጎረምሳ ወረደ፤ ወታደሮቹ በላብ ተጠምቀው «ይሄ ሽማግሌ ምን በላ?» ይባባሉ ነበር።

መሻገሪያው ዳር መቶ አለቃው ሰዎቹን በቋጥኞቹ መሐል አስተኛቸው። በቅሎዎቹን ዛፍ ሥር አቆሙ። ቃጭሏን ሊያወልቅ አንዱ ወታደር እጁን ሲዘረጋ፣ «ቆይ» አለ መቶ አለቃው። «ሰው ይመጣል።»

ኒካኖር ቀና አለ። ከማዶ በኩል በዳገቱ መንገድ አራት ሰዎች እየሮጡ ይወርዳሉ። ከፊት ያለው ሂላሪዮ ነው፤ ባርኔጣውን ጥሎ ረጅም እንጨት ተሸክሟል። እንጨቱ ላይ ቃሬዛው ተጠቅልሏል። ከኋላው ዴልፊና የውሃ ቅል አንጠልጥላ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ትከተላለች።

ለኒካኖር ያኔ ነው የገባው፤ ምን ዋጋ አለው!

«አበልጄ!» አለ ሂላሪዮ ከማዶ። «የት ነህ? መጣንልህ፣ አይዞህ!»

«ተመለሱ!» ብሎ ጮኸ ኒካኖር ባለ በሌለ ኃይሉ። «ሽሹ! ወታደር ነው!» አንዱ ወታደር አፉን አፈነው፣ ሌላው ሆዱን በሰደፍ መታው። ወንዙ ይጮኻል፤ ማዶ የደረሰው ቃሉ አይደለም፣ ጩኸቱ ብቻ ነው። ሂላሪዮ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «በርቱ፣ እያቃሰተ ነው! ሳንደርስለት እንዳይሞትብን!» አለና ውሃው ውስጥ ገባ። ሁሉም ተከትለውት ገቡ።

ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ እስኪገቡ ጠበቋቸው። ከዚያ ተኮሱ።

ሂላሪዮን ውሃው ከነእንጨቱ ይዞት ሄደ። ሁለቱ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። ኒካኖር የያዘውን ወታደር እጅ ነክሶ አመለጠና ዘሎ ገባ፤ ዴልፊናን በብብቷ ይዞ ወዲህኛው ዳር አሸዋው ላይ አወጣት። ማንም አልተኮሰበትም። ምን ያደርግላቸዋል? ደረቷ ላይ ነው የተመታችው። ዓይኗን ገለጠችና እያተኮረች አየችው፤ ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን።

«አባባ» አለች፣ «የቱ ጋ ነው ያመመህ?»

ምን ይበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

«እግሬን ነው ልጄ» አላት። «እባብ ነው። አሁን ሻል ብሎኛል።»

«ተመስገን» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ኒካኖር ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ሲቀመጥ፣ ከላይ ከተራራው ጀርባ ደግሞ ሌላ ተኩስ ተሰማ፤ የማዶው ጦር መግፋት ጀመረ። ላ ሎማዎች የራሳቸው ወታደር ሲመጣባቸው የሚሸሹት ሁልጊዜም ወደ እኛ ወንዝ ነው። ገደሉ ድምፅ ያማታል፣ የትኛው ተኩስ ከየት እንደሆነ አይለይም። ቃጭሏን ግን ይለዩአታል፤ እሷ የምትጮህበት ወዳጅ ያለበት ነው።

ቃጭሏ ሰው እንደምትጠራ መቶ አለቃው የገባው አሁን ነው። አዲስ ማስቲካ አፉ ውስጥ እየጨመረ ወደ ቹላ ተራመደ፣ ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ኒካኖርን አየው።

«ዳገት መውጣት አያስፈልገንም» አለ ለሰዎቹ። «ቦታችሁን ያዙ። አንተ፣ ያችን ቃጭል እያንቃጨልክ ቆይ።»

ኒካኖር ተነስቶ ሮጠ፣ ቃጭሏን በሁለት እጁ ጨብጦ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው አላቀቁት፣ ዛፉ ላይም አሰሩት። ወታደሩ የቹላን ልጓም ይዞ ግራና ቀኝ ወዘወዛት። እሷም የለመደችውን አደረገች።

ከላይ፣ ከመንደሩ ጫፍ፣ አንዲት ሴት ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ቁልቁል ተመለከተች። ወዲያው ዞር ብላ ሰው ጠራች። ሕፃናት ያዘሉ፣ ሽማግሌ የደገፉ፣ ዕቃ የተሸከሙ ሰዎች ተከታትለው ወጡና በመንገዱ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ።