ራሱን የሚቃኝ ጊታር

ዶን ፊሌሞን ያንን ቀጭን ድምፁን ያጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር የቫዮሊኑን ክሮች በስሱ ያላላል፤ ጊታሮቹም እሱን ተከትለው ይቃኛሉ። የሜክሲኮዋ የሁዋስቴካ አገር ሰውም “ሽማግሌው ዛሬም እንደ ጎረምሳ ይዘፍናል” እያለ ያጨበጭብለታል።

ችግሩ ትልቁን ጊታር የሚመታው አማቹ ናቦር ነው። ዶን ፊሌሞን ክር ማላላቱ እንዳይነቃበት የቅኝቱን መዛባት ሁሉ በናቦር ጆሮ ያላክካል። በየሠርጉና በየክርስትናው፣ ሰው እየሰማ፣ “ይሄ ልጅ ጆሮው ውስጥ የታማሌ የበቆሎ ሊጥ ተጠቅጥቆበታል፤ መቃኘት አይችልም” ይላል። ናቦርም አንገቱን ደፍቶ የጊታሩን መቃኛ ቁልፎች እንደገና ያጠማዝዛል።

ስድብም መቼስ ይሰለቻል። በቅዱስ ያዕቆብ በዓል ጠዋት ናቦር የጊታሩን የድሮ ቁልፎች ነቅሎ፣ በባትሪ የሚሠሩ ሞተር ያላቸው ቁልፎች ገጥሞ ከች አለ። ክሮቹን አንዴ መታ ሲያደርጋቸው ቁልፎቹ እያጉረመረሙ በራሳቸው ዞሩና ዓለም ሁሉ በሚቃኝበት ከፍታ ላይ ቆሙ። ትንሿን ጊታር የሚጫወተው ወንድሙ ታቾም እሱን እየሰማ ቃኘ።

“ከእንግዲህ በኔ ጆሮ አይናደዱ፣ አባባ” አለ ናቦር። “ማሽን አይሳሳትም።”

ዶን ፊሌሞን ያልቀባጠረው የለም። ባትሪው መሀል ላይ ያልቃል አለ፤ ዝናብ ከመጣ ኮረንቲ ይዞህ ልጄን መበለት ታደርጋታለህ አለ፤ ቅዱስ ያዕቆብ ራሱ ሞተር አይወድም አለ። ማንም አልሰማውም፤ ሰው ሁሉ ጊታሩን ከቦ ይደነቃል። ከነሱም መሀል ፖንሲያኖ ነበር፤ የዶን ፊሌሞንን ቦታ ለመውረስ ስንት ዘመን ያደባ ዘፋኝ። በሱ ፊት ምን ይባላል? ሽማግሌው በሆዱ እየተራገመ ቫዮሊኑን አጠበቀ።

ጭፈራው ደራ። ጨፋሪዎቹ የእንጨቱን መድረክ በጫማቸው ያንኳኩታል፤ ግጥም ሲጀመር ግን፣ እንደ ወጉ፣ ዘፋኙ እንዲሰማ እግራቸውን ያለዝባሉ። ዘፋኙም ተሰማ። ዶን ፊሌሞን ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣ ጉሮሮው የምትታረድ ዶሮ ድምፅ አወጣ። ከማዶ አንድ ውሻ መለሰለት። ፖንሲያኖ በባርኔጣው ተሸፍኖ ሳቀ።

ሽማግሌው የቫዮሊኑን ቀስት አወረደ። እንዳመሉ ናቦርን ሊሰድብ አፉን ከፈተ፤ ዛሬ ግን የቃኘው ማሽኑ ነው። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

“መሣሪያው ልክ ነው” አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “ያረጀሁት እኔ ነኝ። ቫዮሊኔን በየዓመቱ ሳወርድ የኖርኩትም እኔ ነኝ። የዚህ ልጅ ጆሮ ምንም የለበትም።”

የሳቀ የለም። ናቦር ሞተሩን አጠፋ። ዶን ፊሌሞን ክሩን አላልቶ መቃኛ ድምፅ ሊሰጠው ቀስቱን ሲያነሳ፣ ናቦር አልጠበቀውም፤ ቁልፎቹን በእጁ እያዞረ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ የሽማግሌው ጉሮሮ ዘንድሮ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ታቾ ቀድሞት እዚያው ደርሷል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ዶን ፊሌሞን ቀስቱን ክሩ ላይ ሳብ አደረገ። ገጠመ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?” አለ በሹክሹክታ።

“ልጅዎን ካገባሁ ጀምሮ” አለ ናቦር። “አሁን ይዝፈኑ፣ ሰው ቆሞ ቀረ።”