የመርሳው ሽክርክሪት ሠሪዎች

ከመርሳ ገበያ በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ የቆመውን የእንጨት ሽክርክሪት የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንግዳ ነው። ከውርጌሳ እስከ ሐራ ያለ ሰው በልጅነቱ አንድ ቀን በዚያ ላይ ዞሮበታል። ስምንት ክንዶች አሉት፤ በክንዶቹ ጫፍ ላይ አራት በቅሎዎች፣ ሁለት በሬዎች፣ አንድ ግመልና ምን እንደ ሆነ ጠራቢው ራሱ ያልቈረጠለት አንድ እንስሳ ተንጠልጥለዋል። ሞተር የለውም። የሚዞረው ሰው ወደ መካከለኛው ምሰሶ ገብቶ መግፊያውን በደረቱ ሲገፋ ነው።

ማን ሠራው ብሎ ለሚጠይቅ የከተማው መልስ አንድ ነበር፤ የጣሊያን ነው። በዚህ አገር ድልድይ ሳይፈርስ ከቆየ የጣሊያን ነው፤ ግንብ ሳይሰነጠቅ ከቆመ የጣሊያን ነው። ሰው የገዛ ወገኑ የሠራው ዕቃ ዕድሜው ሲረዝም ጊዜ ማመን ያቅተውና ለባዕድ ይሸልመዋል።

የሽክርክሪቱ ባለቤት መሪማ ሙሄዲን ይህን መልስ ከስድሳ ዓመት በላይ ስትሰማ ኖራለች። መስማት ብቻ አይደለም፤ ራሷም ስትሰጠው ኖራለች። ሽክርክሪቱን ከአባቷ ወረሰች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ በበዓልና በገበያ ቀን መግፊያውን የምትገፋው እሷው ነበረች። ዕድሜዋ ሰባ ቢደርስም ደረቷ ለዚያ እንጨት ገና አልሰነፈም።

በዚያ ዓመት ሜዳው ለመናኸሪያ ተፈለገ፤ ከዐረፋ በፊት ልቀቂ ተባለች። እሷም የት እንደምታቆመው ስታወጣ ስታወርድ ኤርሚያስ የሚባል የቅርስ መዝጋቢ ከወልድያ መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከበቅሎዎቹም በአንዱ ላይ ማንም የማያየው በመሰለው ጊዜ ተቀመጠበት። ነገሩን ከልቡ የሚወድ ወጣት ነበር። እንዲህ ያለው መጫወቻ በአውሮፓ የተጀመረው ለልጆች ሳይሆን ለፈረሰኞች እንደ ሆነ፣ ጦረኛው በእንጨት ፈረስ ላይ ሆኖ የተንጠለጠለ ቀለበት በጦር እየወጋ ይለማመድ እንደ ነበር፣ ኋላም በእንፋሎት መዞር ሲጀምር ፈረሶቹ ከፍ ዝቅ ማለት እንደ ለመዱ አጫወታት። በስልኩም ሥዕላቸውን አሳያት። መሪማ ዐይኗን አጥብባ አየችና፣ በእንጨት ፈረስ የተለማመደው ጦረኛ የእውነት ፈረስ ላይ ሲወጣ ስንቴ እንደ ወደቀ ጠየቀችው። ያን ያነበበው መጽሐፍ እንደማይናገር ነግሯት ሳቀ።

ቀጥሎ የመጣበትን ነገር አስረዳት። ሽክርክሪቱ የጣሊያን ዘመን ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ በአዲሱ የከተማው መናፈሻ ውስጥ ቋሚ ቦታ ያገኛል፤ በፊቱም ታሪኩ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል። ካልተመዘገበ ግን አሮጌ እንጨትና ብረት ነው፤ ለአሮጌ እንጨትና ብረት የሚሰጥ ቦታ የለም። ከእሷ የሚፈለገው በሽማግሌዎች ፊት መመስከርና መፈረም ብቻ ነው።

«እነዚህ ከብቶች ዐይን እንደሌላቸው አይተሃል?» አለችው።

ኤርሚያስ ዞር ብሎ አየ። እውነትም የአንዱም እንስሳ ፊት ላይ ዐይን አልነበረም። ቀለሙን ዝናብ አጥቦት ይሆናል አለ። የተጠረበ ዐይን በዝናብ እንደማይታጠብ ስትነግረው ደግሞ ጥቂት አሰበና ጣሊያኑ ያገር ሰው ቀጥሮ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። መሪማ ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም።

እውነቱን የምታውቀው ስላየችው ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓ.ም. አባቷ ሙሄዲን የሞፈርና የቀንበር ጠራቢ ነበር። አንድ ጊዜ ለቀን ሥራ አሥመራ ሄዶ የሚዞር ፈረስ አየ፤ እንዲነካው ግን አልተፈቀደለትም። ተመልሶ መጣና ያየውን ከልቡ እያወጣ ከወይራና ከዋንዛ ጠረበው። ነፍስ ያለውን ነገር አምሳል ፊቱን ፈጽሞ የሠራ ሰው በአኼራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ ነፍስ ዝራበት ይባላል ብሎ ስለ ፈራ፣ ለአንዱም ዐይን አላወጣለትም። እንጨቱን ጨርሶ ብረት ሲያስፈልገው ከወንዙ ማዶ ወደሚኖረው ወደ ደምሴ ሄደ።

ደምሴ ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ በእርሱ ማረሻ ያርሳል፤ በእርሱ ማጭድ ያጭዳል፤ ከእርሱ ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይቈርስም። በዐይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። እናት ልጇን ይዛ በበሩ ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ይህ ሰው ስምንቱን ክንዶች ከምሰሶው ጋር የሚያቈራኙትን ብረቶች ሠራ፤ የሠራቸውም ማረሻንና ድግርን አንድ ላይ እንደሚይዘው ወገል፣ ያንኑ ቅርጽ አስፍቶና አወፍሮ ነው። የምሰሶውን መዞሪያም እርሱ አወጣ። ብረቱ ሲግል ወናፉን የሚነፉት ሁለት ሕፃናት ነበሩ፤ አንዷ መሪማ፣ ሁለተኛይቱ የደምሴ ልጅ የሻረግ።

ሽክርክሪቱ የቆመ ዕለት ልጆች ተሰበሰቡ። እናቶቻቸው ግን አስቀድመው ብረቱን የቀጠቀጠው ማን እንደ ሆነ ጠየቁ። ሙሄዲን የልጆቹን ብዛት አየ፤ እናቶቹን አየ፤ ከዚያም ከአሥመራ ከጣሊያን ገዝቼ ያመጣሁት ነው ብሎ መለሰ። ደምሴ ልጁን የሻረግን ይዞ እዚያው ቆሞ ነበር። ጋቢውን አጣፋና ወደ ማዶው ተሻገረ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ሜዳ አልታየም። ዐይን መቅረጽ ያስጠይቀኛል ብሎ የፈራ ሰው፣ ሰውን ከገዛ ሥራው ላይ መፋቅ እንደሚያስጠይቀው አላሰበም።

ኤርሚያስ በመጣ በማግስቱ መሪማ ባጃጅ ይዛ ወደ ሲሪንቃ ሄደች። የሻረግ እዚያ በምርምር ጣቢያው ከምትሠራው ከልጅ ልጇ ከእየሩሳሌም ጋር ትኖር ነበር። በበሯ ፊት ምስር ስትለቅም አገኘቻት። የሻረግ አልተነሣችም፤ ሰፌዱን ግን ወደ ጎን አድርጋ ቦታ ሰጠቻት።

«የአባቴን ስም ስድሳ ዓመት ስትበዪ ጥርስሽ አልዛገም?» አለቻት።

«ዝጓል፤ ልተፋው ነው የመጣሁት» አለች መሪማ።

«ድሮም ሥራ ላይ ትዘገዪ ነበር። ወናፉን እኔ ስነፋ አንቺ ታንቀላፊ ነበር።»

መሪማ ይህን አልካደችም። የመጣችበትን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት፤ መዝጋቢውን፣ መናፈሻውን፣ ፊርማውን። እንደማትፈርም ወስናለች፤ ይህ የራሷ ጉዳይ ነው። የደምሴን ስም በሰው ፊት መጥራት ግን የራሷ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከተጠራ ወሬው እዚህ ቤት ይገባል። እየሩሳሌም ታጭታለች፤ አማቾቿ የሚያውቁት ቅድመ አያቷ የጨው ነጋዴ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ የሻረግ አትጥሪው ካለቻት አትጠራውም።

የሻረግ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ጥቂት ጠጠሮች ካወጣች በኋላ ወደ ቤቱ ውስጥ ዞራ እየሩሳሌምን ጠራቻት። ልጅቱ ከበሩ ኋላ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር ለማለት አይቻልም፤ በቤቷ ውስጥ ስትሰማው ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቷ ጠቈረ፤ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረቻት አያቷን ጠየቀቻት። የሻረግ ሰፌዱን አንሥታ አንተረተረች። ከዚያም እየሩሳሌም ለእጮኛዋ ከሰው ሳይሰማው ዛሬውኑ ራሷ እንደምትነግረው ተናገረች።

«በቅድመ አያቴ ስም የማይገባ በእኔም በር አይግባ» አለች።

የሻረግ ወደ መሪማ ተመለሰች። «እንግዲህ ጥሪው። ግን እኔ በሌለሁበት እንዳትጠሪው። ሲፋቅ ነበርኩ፤ ሲጻፍም ልኑር።»

የምስክሩ ቀን አዳራሹ በሰው ሞላ። ከፊት የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመሪማ ታናሽ ወንድም ኡበይደላ አዲስ ኮት ለብሶ መጣ፤ የአባቱ ስም በሰሌዳ ላይ ሊወጣ ነውና ሳምንቱን ሙሉ ለሱቁ ደንበኞች ሲያወራ ከርሟል። ኤርሚያስ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ባማረ ድምፅ አነበበ። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ የማይታወቅ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበረ፤ ሙሄዲንም ከእርሱ የገዛ አርቆ አሳቢ ነጋዴ ተብሎ ተመስግኗል። ከዚያም ብዕሩን ለመሪማ አቀበላት።

መሪማ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሳትቸኩልም፣ እንጨቱን ማን እንደ ጠረበው፣ ዐይኑ ለምን እንዳልወጣ፣ ወገሉን ማን እንደ ቀጠቀጠው፣ አባቷም በመጀመሪያው ቀን ምን ብሎ እንደ መለሰ ተናገረች። ደምሴ የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ ጠራችው። ከአዳራሹ ኋላ በኩል ማጉረምረም ተነሣ። አንዲት ሴት ልጇን በሽክርክሪቱ ላይ ያስቀመጠችበትን ጊዜ እያስታወሰች ሳይሆን አይቀርም፣ በስመ አብ ብላ አማተበች፤ አጠገቧ ያለችውም አዑዙ ቢላህ አለች።

ኡበይደላ ተነሣ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «እታለም፣ አባታችንን በሰው ፊት ሐሰተኛ ልታደርጊው ነው?»

«ሐሰተኛ ያደረገው ራሱ ነው፤ አላህ ይማረው። እኔ እስከ ዛሬ ረዳሁት። ከዛሬ ጀምሮ አልረዳውም።»

ኤርሚያስ ተጨነቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን ለማዳን ፈለገ። ጽሑፉን በጣሊያን አሠራር ተመርቶ በሚል ቢለውጠው ትፈርም እንደ ሆነ ጠየቃት፤ አለዚያ መዝገቡ የሚቀበልበት ዐምድ እንደሌለው በሐዘን ነገራት። መሪማም ለሁለት ሠሪ የሚበቃ ዐምድ የሌለው መዝገብ ጠባብ መዝገብ ነው ብላ መለሰችለት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቀጥቃጭን ስም በመናፈሻ ላይ መስቀል ለከተማው ነውር መሆኑን አነሣ። ይህን ጊዜ ከመካከል የሻረግ ቆመች።

«የደምሴ ልጅ ነኝ» አለች። «አባትህ በምን እንዳረሰ ታውቃለህ፤ ያን ጊዜ ነውሩ የት ነበር?»

ስብሰባው ያለ ፊርማ ተበተነ፤ ኡበይደላም እኅቱን ሳይሰናበት ወጣ።

ከዐረፋ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሪማ በጓሮዋ የነበሩትን አምስት የፓፓያ ዛፎች አስቈርጣ መሬቱን አስተካከለች። ሽክርክሪቱ ተፈትቶ በጋሪ ተጓጓዘ። ጎረቤቶቿ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ቈርጣ ሰው የማይወጣበትን እንጨት መትከሏን እንደ መጃጀት ቈጠሩት፤ ይህንንም በአጥሩ ላይ ሆነው እንድትሰማ ተናገሩ። እሷም ፓፓያውን ማን እንደ ተከለው ጠይቆ ፍሬውን የበላ ስለሌለ መቈረጡ አያሳዝነኝም አለቻቸው። በአጥሯ በር ላይ አንድ ሕግ አወጣች፤ ማንም ልጅ ከመውጣቱ በፊት ያመጣው ሰው ጠራቢው ሙሄዲን፣ ቀጥቃጩ ደምሴ መሆናቸውን ከእሷ አፍ ይሰማል። ሰምቶ የሚወጣ ይወጣል፤ የሚመለስ ይመለሳል።

የዐረፋ ዕለት ብዙዎች እስከ በሩ መጥተው ተመለሱ። የሻረግ ከሲሪንቃ መጥታ ከሽክርክሪቱ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከመስገጃው የተመለሱት ልጆች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። እኩለ ቀን አለፈ፤ መሪማ ባዶውን ሽክርክሪት ሁለት ጊዜ አዞረችው። ሲጢጥ የሚለው ድምፅ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ፈይሩዝ የምትባል የሠፈሩ ሴት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። ስሞቹን ሰማች። ልጅቱ ግን ስሞቹ እስኪያልቁ አልጠበቀችም፤ ሮጣ ግመሉ ላይ ወጥታ አንገቱን አቅፋ ነበር። ፈይሩዝ ተከትላት ሄዳ ክንዷን ያዘች። ቀና ስትል ዐይኗ ከየሻረግ ዐይን ጋር ገጠመ፤ ወዲያው ነጠላዋን በልጅቷ ፊት ላይ ልትጥል እጇን አነሣች።

«አትሸፍኛት» አለች የሻረግ። «የምትፈሪው ዐይኔን ከሆነ ይኸው ነው። ልጅሽን እያየኋት ነው፤ ገና ስትዞርም አያታለሁ። ታምራለች።»

ፈይሩዝ ነጠላውን እንደያዘች ቀረች። ልጅቱ ለምን እንደማይዞር ጠየቀች። መሪማ ደረቷን መግፊያው ላይ አሳርፋ ቆመች፤ እናቲቱ ሳትፈቅድ እንደማትገፋ፣ ልጅቱ ሳትወርድም ከቦታዋ እንደማትነቃነቅ ከአቋቋሟ ይታወቅ ነበር። በመጨረሻ ፈይሩዝ ነጠላውን ወደ ትከሻዋ መለሰች፤ የልጇን ክንድ ለቃ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እባክዎ ቀስ አድርገው ይግፉት፣ እማማ» አለች።

«ደምሴ የቀጠቀጠው ቀስ ብሎ መዞር አያውቅም» አለች መሪማ፤ ገፋችውም።