የፀጉር አስተካካዩ መንጋጋ

ፓቶሎጂስቷ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ በሽተኛ ፊት ለፊት ያየችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ሰው ወደ እሷ የሚመጣው ቁራጭ ሆኖ፣ በትንሽ ጠርሙስ ተነክሮ ነው። በዚህ ታፍራለች ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። ጠርሙስ አይነጫነጭም፣ «መቼ ነው የምድነው» ብሎም አይጨቀጭቅም ባይ ናት።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት የመጣላት ከአንድ ፀጉር አስተካካይ የታችኛው መንጋጋ የተወሰደ ናሙና ነበር። አብሮት የመጣው ወረቀት «ወንድ፣ አርባ አንድ ዓመት፣ የመንጋጋ እብጠት» ይላል። የሕመሙ ታሪክ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ቀዶ ሐኪሙ እጁ ወርቅ ነው፤ ብዕር ላይ ሲሆን ግን ቆንቋና ነው። እብጠቱ ስለሰፋ ኀሙስ ዕለት ግማሽ መንጋጋውን ቆርጦ ሊያወጣ ቀጠሮ ይዟል። የሚጠብቀው የእሷን ፊርማ ብቻ ነው።

ማይክሮስኮፑ ሥር ግዙፍ ሴሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ካንሰር አይደሉም፤ አጥንት ግን ቦርቡረው ይጨርሳሉ። በሽታው ብርቅ ቢሆንም ስሙን ታውቀዋለች። ጽፋ ጨርሳ ልትፈርም ስትል ያ ባዶ መስመር ቆሽቷን አሳረራት። ልክ ይህንኑ የሚመስል፣ ግን ምንጩ ሌላ የሆነ በሽታ አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሁለቱ አይለዩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ መንጋጋ ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም።

ለቀዶ ሐኪሙ ብትደውል ኦፕራሲዮን ላይ ነው አሏት። ጋውኗን እንደለበሰች ሦስት ፎቅ ወርዳ በሽተኛው ወደተኛበት ክፍል ሄደች።

ፀጉር አስተካካዩ ግራ ጉንጩ አብጦ፣ የጎን አልጋውን ሰውዬ በወሬ ጠምዶ ይዞታል። አጠገቡ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ፣ ደንበኞቹ የሚመጡት ለመቀሱ ሳይሆን ለጨዋታው መሆኑን ነገረቻት። ከኀሙስ በኋላ እንደ ልቡ ማውራት ይችል እንደሆነ ያልጠየቀው ነርስ የለም። ሲጠይቅ ይስቃል፤ እጁ ግን ከአገጩ አይወርድም።

ፓቶሎጂስቷ ሌላ የሚያመው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደግ አደረገች፤ መልሱ ረጅም ነበር። የኩላሊት ጠጠር ሁለት ጊዜ ወጥቶለታል። አምና ወንበር ሲያነሣ የእጁ አንጓ ተሰንጥቋል። የውሃ ጥም አያስቀምጠውም። ስለ ሆድ ድርቀቱ እህቱ ፊት አላወራም አለና አወራ።

«ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነግረውታል?»

«ስለ ጥርሴ ብቻ ነዋ የጠየቁኝ፣ ዶክተር።»

«ዝም በል ሲሉት ይለፈልፋል፣ ተናገር ሲሉት አፉን ይዘጋል» አለች እህቱ።

ያን ዕለት ደሙ ተመረመረ፤ ካልሲየሙ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። አንገት ውስጥ የደም ካልሲየም የሚመጥኑ አራት ትንንሽ እጢዎች አሉ። ከእሱ እጢዎች አንዷ አብጣ አጥንቱን ስትዘርፍ ኖራለች። መንጋጋው የተዘረፈው ቤት እንጂ ሌባው አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ውጤቱን ሁለቴ አነበበና ወንበር ፈለገ። ፓቶሎጂስቷ ስለ ወረቀቱ ልትወርድበት ተዘጋጅታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ኀሙስ ዕለት መንጋጋውን ሳይነካ፣ ያቺን እጢ ብቻ ከአንገቱ አወጣ።

ከስምንት ወር በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ራጁን ይዞ ላቦራቶሪ ድረስ መጣ። የጉንጩ እብጠት ጎድሏል። ፓቶሎጂስቷ ራጁን ለመቀበል እጇን ብትዘረጋ ከለከላት።

«እሱን ይተዉት፣ ዶክተር። በእጅዎ ይንኩት።»

ጣቶቿን መንጋጋው ላይ አሳረፈች። ቆዳው ይሞቃል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ሞልቶ ጠንክሯል። ሰውየው ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ እህቱ፣ ስለ አዲሱ ወንበሩ ማውራቱን ስላላቆመ አጥንቱ ከጣቶቿ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል። ደስ አላት። ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት ጠርሙስ ይጠብቃታል፤ እሷ ግን እጇን ሳታነሣ እስኪጨርስ ሰማችው።