አንድ ጀሪካን ውሃ

ንጉሴ እሳቱን ያዳፈነው ልክ እናቱ ማታ ማታ ታደርገው እንደነበረው ነው። ጉማጅ እንጨቶቹን አቀራረበ፣ አመዱን ዙሪያውን ሰበሰበባቸው፣ አፈር ደረበ፣ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣል አደረገበት። የመርሳ ልጅ ነው፤ ማታ የተዳፈነ እሳት ጠዋት ተጭሮ ሲቀጣጠል እያየ ያደገ። እንዲህ የተሸፈነ እሳት እንደማይሞት ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እጁ ግን የለመደውን ሠራ፣ ጭንቅላቱም ዝም አለው።

ዝም ያሰኘው ውሃው ነበር። ከወልድያ ያመጣቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁለት ቀን ሲታጠቡና ሲያጥቡ ጀሪካኑን ሁሉ ጨርሰው የቀረችው አንዷ ብቻ ናት። የሚነዳው ሚኒባስ ደግሞ ዳገት ባየ ቁጥር ውሃ የሚያፈላ ጉደኛ ነው። "ይህቺን ለአመድ ከማጠጣ ለራዲያተሬ ባጠጣ አይሻልም?" አለ ለራሱ፤ ጀሪካኗንም ከወንበሩ ሥር ሸጎጣት።

የጉዞው አስተባባሪ ቤዛዊት በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ድንኳን ከመተከሉ በፊት የመሬቱን ባለቤት አብዱልጀሊልን ያስፈቀደችው፣ ሙዚቃ ያስዘጋችው፣ የማስቲካ ልጣጭ ሳይቀር በከረጢት ያስለቀመችው እሷ ናት። "ርዕሰ መምህሯ መጣች" እያሉ ሲያሾፉባት ነው የሰነበቱት። አብዱልጀሊልም ደስ ብሎት ተቀበላቸው። ቢደርቅም ወንዝ አይታመንም ብሎ ካረፉበት አሸዋ ላይ አስነሣቸውና ከማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር አሰፈራቸው። የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የማሽላውን ክምር በጣቱ እያሳየ፣

"የዓመት ቀለባችን ያ ነው። እሳታችሁን ብቻ አደራ" አላቸው።

አደራ አለ ሰውየው። ንጉሴም በጆሮው ሰምቷል።

ሊነሡ ሲሉ ቤዛዊት በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ "ንጉሴ፣ ውሃ አፍስሰህበታል አይደል? በእንጨት ማማሰል፣ በእጅ ዳብሶ ማየት ያስፈልጋል" አለችው።

"አጥፍቼዋለሁ አልኩሽ እኮ!" ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ውርጌሳ ላይ ምሳ ቀርቦላቸው መብላት እንደጀመሩ የኅዳር ነፋስ የምግብ ቤቱን መጋረጃ ያንገላታ ጀመር። አንድ ሰው ከሞተር ሳይክሉ ዘሎ ወርዶ ገባ። "መኪና ያለው ሰው አለ? የአብዱልጀሊል ክምር ተቃጠለ! ልጁን ሉብናን እሳት በላት!"

የንጉሴ ጉርሻ በእጁ ቀረ። ቤዛዊት ዓይን ዓይኑን አየችው፤ "ውሃውን..." ስትል ሳያስጨርሳት ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ሲደርስ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። እሳቱ ከየት እንደተነሣ ማንም ሊለይ አይችልም ነበር። ንጉሴ ግን ከግራሩ ሥር ያቺን ጠፍጣፋ ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቃ አያት። የአሥራ አንድ ዓመቷ ሉብና ከክምሩ ጥግ የታሰረውን ጥጃ ልትፈታ ገብታ ነው የተቃጠለችው። አባቷ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ አቀፋት፤ ገበያ የሄደችውን እናቷን ሁሪያን የሚጠራ ሰው ተላከ።

"አባ፣ እኔ አይደለሁም" ትላለች ሉብና።

"ዝም በይ ልጄ፣ አትድከሚ።" አብዱልጀሊል ወደ ንጉሴ ቀና አለ። "ትናንት ከክምሩ ሥር የሽምብራ እሸት ስትጠብስ አግኝቼ ተቆጥቻት ነበር። ዛሬም ተደብቃ ለኩሳ ነው። ልጅ ናት፤ ምን አደርጋታለሁ?"

"ወላሂ አባ፣ እኔ አይደለሁም።"

"ወላሂ አትበይ! በዚህ ሁኔታሽ በሐሰት አትማዪ!" አላት፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

ንጉሴ መሪውን አንቆ ያዘ። መርሳ ስንደርስ እነግረዋለሁ አለ በልቡ። መርሳ ጤና ጣቢያ ቁስሏን ሸፋፍነው፣ ሳትዘገዩ ወልድያ አድርሷት አሏቸው። ያኔም አፉን አልከፈተም። አሁን ብነግረው ተናድዶ ከመኪናዬ ይወርዳል፣ ልጅቷም መንገድ ላይ ትቀራለች አለ። ፈሪነቱን እንዲህ አድርጎ ደግነት አስመሰለው። ሉብና ከኋላ ሆና ያንኑ ቃል ትደጋግማለች፤ ድምፅዋ በየኪሎ ሜትሩ እያነሰ ይሄዳል። ወላሂዋን ትታዋለች። "እኔ..." ብቻ ትላለች፤ የቀረው አይወጣላትም።

ሲሪንቃን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ እሱም ጠፋ። ንጉሴ ዝምታውን አልቻለውም።

"ጋሼ፣ እሳቱ የኔ ነው" አለ። "ውሃ እያለኝ አዳፍኜው ሄድኩ። ልጅዎ ምንም አልነካችም።"

ማጅራቱ ላይ የሚያርፍ ቡጢ ጠበቀ። አልመጣም። አብዱልጀሊል በልጁ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር።

"ሉብና፣ ሰማሽ? አንቺ አይደለሽም። አባትሽ ነው ያጠፋው። ሉብና፣ እሺ በይኝ። በራስሽ ብቻ እሺ በይኝ።"

እየደጋገመ ጠራት። ከዚያ ነጠላውን ከፊቷ ገለጥ አድርጎ አያት፤ መልሶም ቀስ ብሎ ሸፈነው። ንጉሴ ሳያስበው ፍሬን ይዞ መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ቆመ። ዘወር ብሎ የሚያይበት ድፍረት አጣ።

አብዱልጀሊል ሲናገር ቁጣ አልነበረበትም።

"መርሳ ላይ እኮ ሉብና ትሰማ ነበር" አለው።