ኖራው ሳይደርቅ

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ሰፈር የምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ይፈርሳል፤ አከራያችን ሕንጻውን ሸጦታል። ታቦቱ ወጥቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል። የቀሩት የአባቴ ሥዕሎች ብቻ ናቸው።

የአገራችን ሰዓሊ ጨርቅ ላይ ሥሎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ካስፈለገ ተልጦ ይሄዳል። አባቴ ቀለመወርቅ ግን እዚሁ ዌስትውድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጥንት ጣሊያኖችን ሥራ በመጽሐፍ አይቶ፣ እንደነሱ እርጥብ ኖራ ላይ ካልሣልኩ አለ። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይደርቃል። እሱ ግትር፣ ሥዕሉም ግትር፤ አሁን አልላቀቅ አለ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕይወቱን ሣለበት። ከዓሣው ሆድ የሚወጣው ዮናስ፣ አሜሪካ የገባ ጊዜ የነበረው እሱ ራሱ ነው። በቃና ሠርግ ጋኑን የምትሞላው እናቴ ኤልፍነሽ ናት። በፍርድ ቀን በግራ በኩል፣ ከኃጥኣን መካከል የቆምኩት ደግሞ እኔ ኑኃሚን ነኝ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። እኔ ያለኝ አንድ ነው።

እናቴ ስትቀበር አልሄድኩም። ሬሳዋን ማየት ፈርቼ፣ ከሥራ ፈቃድ አጣሁ ብዬ ዋሸሁ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ሣለኝ። ዘጠኝ ዓመት በየእሑዱ በመኪናዬ አመጣሁት፤ ስለዚያ ሥዕል ግን አንድ ቀን አልተነጋገርንም። መጀመሪያ ያቃጥለኝ ነበር፤ ኋላ ደነዘዝኩ።

ቅዳሜ አባቴ ሥዕሎቹን ሊሰናበት መጣ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሰጠሁት። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ዛሬ ካልጠየቅኩት መቼም አልጠይቀውም።

«አባዬ፣ ሰኞ ዲሞሊሽ ያደርጉታል። ሶ፣ ንገረኝ። አሁንም እንደዚያ ነው የምታየኝ?»

ከዘራውን በእጁ አገላበጠ። «በሣልኩሽ ማግስት ጸጸተኝ። ሁለተኛ ዓይን ልጨምርልሽ መጣሁ። ኖራው ደርቆ ጠበቀኝ።»

«ጣሊያኖቹ ሲሳሳቱ ፈልፍለው እንደ አዲስ ይለስናሉ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«አዎ። መዶሻ ይዤ መሰላሉ ላይ ወጥቻለሁ።»

«እና?»

«ፊትሽ ነዋ!» አለኝ፣ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኩት ይመስል። «እንዴት አድርጌ ልምታው?»

ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም። እጁን ያዝኩት።

ደግፌ አስነሳሁት። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር።

«ሰኞ ሲመቱሽ እንዳታመጪኝ» አለኝ።