ስልክ ሰጥቶ ካሜራ መውሰድ

«አልተበላሸም እኮ ነው የምልዎት! ይኸው፣ ስደውልልዎት ጮኸ አይደል?»

«አንቺ ስለደወልሽ ነዋ!» አሉኝ ጋሽ መኳንንት፣ ስልኩን ከእጄ እየተቀበሉ። «አይሠራም አልኩሽ፤ አይሠራም።»

የመንዝ ጉም ሳይገፈፍ ወደ ሞላሌ ገበያ ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመን ነው የምንከራከረው። እኔ የምሸጠውን የበግ ጠጉር ተሸክሜአለሁ፤ እሳቸው ከዚያች ስልክ በቀር ሌላ ጭነት የላቸውም፣ ግን ከእኔ ይልቅ የከበዳቸው ይመስላሉ። ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስልኩ የልጃቸው የፅዮን ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሥራ ስትይዝ አዲስ ገዛችና አሮጌውን ለአባቷ ተወችው።

«አይሠራም» ሲሉኝ ባትሪው መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስመረምረው ነበር። ለካስ «ልጄ አትደውልም» ማለታቸው ኖሯል።

«ታዲያ ቃለአብ ጋ ምን ሊያደርግልዎት ነው የምንሄደው?»

«ልለውጠው ነዋ። ያገለገለች ካሜራ አለችው አሉ፤ ኪስ የምትገባ። ስልኩን ሰጥቼ እሷን እወስዳለሁ።»

«ስልኩ ራሱ ፎቶ ያነሳ የለም እንዴ?»

«ያነሳል። ግን ሲያስቀምጡት ዝም ይላል።»

«ካሜራዋስ ልትዘፍንልዎት ነው?»

«ካሜራ ዝም ቢል ወጉ ነው፣ ኮከቤ። ይደወልበታል ብለሽ አትጠብቂው።»

ከዚህ በኋላ መቀለዱ አልሆነልኝም። ስልኩ ከእጃቸው ከወጣ፣ ልጅቱ አንድ ቀን ልቧ ቢመለስ በምን ታገኛቸዋለች? ደብረ ብርሃን ባሕር ማዶ አይደለም፤ ግን ሰው ካልመጣ ምን ለየው?

ቃለአብ ሞላሌ ላይ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው፤ በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ያገለገለ ነገር ሁሉ ይሸጣል። ካሜራዋን ከካርቶን አወጣት። ብርማ ናት፣ ጠርዟ ተፍቋል። ሲከፍታት አፍንጫዋ ጥዝዝ ብሎ ወጣ። ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ማዶ የቆመች በቅሎ አነሳ፤ ጆሮዋ ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ታየ። ያችኑ በቅሎ በስልኩ ሲያነሳት ጉም ውስጥ የገባች መሰለች።

«የስልኩ መስተዋት ተፍቋል፤ ሁሉን ጉም ያስመስላል» አለ።

«መንዝን በደንብ ያውቃታላ!» አልኩ። ጋሽ መኳንንት ፈገግ አሉ፤ ደስ አለኝ።

«ግን ይስሙኝ ጋሼ፣» አለ ቃለአብ፣ «በካሜራ ያነሱትን ለልጅዎ መላክ አይችሉም። በስልክ ቢሆን ወዲያው ነው።»

«በስልክም ልኬ አይቻለሁ። ተከልሎ የኖረው የጓሳ መስክ ተከፍቶ ሣር ባጨድን ጊዜ ቤቱን ከደንኩና ላክሁላት። መልስ የለም። በጉን ላክሁ፤ መልስ የለም። ገብሱን ላክሁ። ግድግዳ አነጋግሬ ብሆን ኖሮ እንኳ ማሚቶ ነበረው።»

ቃለአብ ስልኩን ተቀብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። «ጋሼ፣ አንዱም አልሄደም! ይኸው፣ አጠገቡ ትንሽ ሰዓት ተስሏል፤ ገና ይጠብቃል ማለት ነው። ዳታውን ማን ዘጋው?»

«እኔው። ክፍት ከሆነ ካርድ ይበላል ሲሉ ሰማሁ።»

ስልኩ እንደ ጓሳው ሁሉ ተከልሎ ኖሯል! እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር በራ፤ ከተቀመጡበት በርጩማ ላይ ቀና አሉ። «አላየችውማ!» አሉ። «ታዲያ ምን ትመልስ፣ ያላየችውን?»

ቃለአብ ከራሱ ስልክ ኢንተርኔት ለስልካቸው አካፈለላቸው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፦ በጉ፣ ገብሱ፣ አዲሱ ክዳን ከውጭ። ከዚያም ክዳኑ ከውስጥ፣ የእሷ መኝታ ከነበረው መደብ በላይ፣ ድሮ በክረምት ያፈስ የነበረው ቦታ። ይኼኛውን ለምን እንዳነሱት ማንም አልጠየቃቸውም፤ ግልጽ ነበር።

ጠበቅን። ቃለአብ ሌላ ደንበኛ አስተናገደ። እኔ የጠጉሬን ሸክም አራገፍሁ፤ ገበያው እየሞቀ ነበር፤ ልሂድ እያልሁ አልሄድሁም።

«አየችው!» አለ ቃለአብ ድንገት። «እነዚህ ሁለት ምልክቶች ሲመጡ አይታዋለች ማለት ነው። ቆይ፣ እየጻፈች ነው።»

ጋሽ መኳንንት ማንበብ ቢችሉም መነጽር የላቸውም፤ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። «በመጻፍ ላይ» ይላል። ጠፋ። ደግሞ መጣ። ደግሞ ጠፋ። ሦስታችንም አንገታችንን እንዳሰገግን ቆየን፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልመጣም።

«ሥራ ላይ ሆና ይሆናል» አልኩ። «ማታ ትደውል ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ።

ቃለአብ ወደ ካሜራዋ ዞረ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ስልኩ ደህና ነው። በደንብ ይሠራል። ካሜራዋን ይተዉዋት?»

ጋሽ መኳንንት ካሜራዋን አንስተው በመዳፋቸው ገለባበጡ፤ ጀርባዋንም፣ ሆዷንም አዩ።

«ስልኩ አሳበቀባት፤ ይቺኛዋስ፣» አሉ፣ «አይቶ ዝም ባለ ሰው ላይ ታሳብቃለች?»